የሕዝብ ዘፈን የማን ገንዘብ ነው?



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ደራሲው ማን እንደ ሆነ የማይታወቅ፣ እናቶችና አባቶች በሥራ፣ በሐዘንና በደስታ ጊዜ ሲያዜሙት የኖሩት ዘፈን የማን ገንዘብ ነው? ከሰው አፍ ሰምተን፣ በራሳችን ዕውቀት አስተካክለን፣ በአራት ድምፅ አቀናብረን በመድረክ ላይ ስናሰማውስ ምን ያህሉ የእኛ፣ ምን ያህሉ የሌላ ነው? ጥያቄውን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ራሳችን ካደረግነው ነገር የተነሣ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የሆነውን እንናገራለን።

1/ የሆነው ነገር

እኛ ስድስት ነን፤ ሦስት እኅቶችና ሦስት ወንድሞች። ያደግነው በመርካቶ ሰባተኛ አካባቢ ነው፤ የተዋወቅነው ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አሁን ሁላችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከአንድ ዓመት በፊት የአገራችንን የቆዩ ዘፈኖች ያለ ምንም መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ ለማሰማት ተስማማን። ይህ ዐይነቱ አዘፋፈን «አካፔላ» ይባላል። ቃሉ የጣሊያን ሲሆን «እንደ ቤተ ጸሎት ሥርዓት» እንደ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን መሣሪያ የተውነው በመርሕ ብቻ አይደለም፤ መግዣ ገንዘብም አልነበረንም።

የምንለማመደው ከመካከላችን በአንዱ ቤት ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ ስለ ሆነ የግቢው ሰው ሁሉ ይሰማናል። በዚያው ግቢ ቆሎና በሶ እያዘጋጁ የሚሸጡ፣ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ምሽት ልምምዳችንን ሲሰሙ ቆይተው፣ «እናንተ ልጆች፣ የእኛን አገር ዘፈን አታውቁም እንዴ?» አሉን። እኛም እንዲያሰሙን ለመንናቸው። በልጅነታቸው በእጅ ወፍጮ ሲፈጩ ያዜሙት የነበረውን አንድ ዘፈን አሰሙን። ሲያዜሙ እጃቸው፣ ሳያውቁት ይመስለናል፣ መጅ እንደ ያዘ ሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። እኛም በእጅ ስልክ ቀዳነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ሠራንበት። ያደረግነው ለውጥ ሦስት ዐይነት ነበር። አንደኛ፣ ምቱን አስተካከልን። መጅ ወደ ፊት ሲገፋ ጊዜ ይወስዳል፣ ሲመለስ ግን ፈጣን ነው፤ ስለዚህ የእናታችን ዜማ አንዱ እርምጃው ረጅም፣ አንዱ አጭር ነበር። እኛ ግን ይህ ለስድስት ሰው አብሮ ለመጀመር ስላስቸገረን እኩል አራት ምት አደረግነው። ሁለተኛ፣ ዜማው በትዝታ ቅኝት፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ብቻ የሚሄድ ሲሆን አልቶውና ቤዙ ሞላ ብሎ እንዲሰማ በማለት በዜማው ውስጥ የሌሉትን ፋን እና ሲን ጨመርንበት። ሦስተኛ፣ ከአምስቱ አንጓዎች ሁለቱን ተውናቸው። አንደኛው አንጓ ምራት ስለ አማትዋ ክፉኛ የምታማርርበት ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ ስለ ረኃብ የሚናገር ነው። ለበዓል መድረክ አይስማሙም ብለን ነበር።

ዝግጅቱ በደረሰ ጊዜ እናታችንን ጋብዘን ከፊት አስቀመጥናቸው። ጭብጨባው ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ሲያበቃ ተሰብስበን ሄድንና፣ «እማማ፣ እንዴት አገኙት?» አልናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉን፦

«ድምፃችሁ ያምራል ልጆቼ። ነገር ግን ይህ የተቀመጠ ሰው ዘፈን ነው። እኔ የዘፈንኩት እህሉ እንዲያልቅልኝ ነው።» ቀጥለውም፣ «ያችን ያማቴን ነገር የት ጣላችኋት?» ሲሉ ጠየቁን።

መልስ አልነበረንም። ወደ ቤት ስንመለስ ለተመልካች የታደለውን ወረቀት አየነው፤ በራሳችን እጅ «ዜማ - የሕዝብ፤ ቅንብር - የቡድኑ» ብለን ጽፈናል። ለትራንስፖርት ተብሎ የተሰጠንንም ገንዘብ ለስድስት ተካፍለናል። እንግዲህ ክርክራችን የጀመረው በዚያ ምሽት ነው።

2/ «ዘፈን» ስለሚለው ቃል

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት፣ «ለመሆኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ዘፈን ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ ዘንድ ዘፈን የሚለው ቃል ከስካርና ከልቅነት ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ያም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ቋንቋችን በአንድ ቃል የሚጠራቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ልጅ የሚተኛበት እሹሩሩ፣ በደቦ የሚታጨድበት ዜማ፣ ሟች የሚለቀስበት ሙሾ፣ እህል የሚፈጭበት እንጉርጉሮ፣ እነዚህ ሁሉ በመጠጥ ቤት የተወለዱ አይደሉም። በቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል የሚቀበሉ ልጆች በዓሉን ያከብራሉ እንጂ አያረክሱትም። እኛም ያዜምነው በአዳራሽ እንጂ በማኅሌት ቦታ አይደለም። የሁለቱን ልዩነት እንጠብቃለን። ከዚህ በላይ በዚህ ነገር መከራከር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም።

3/ «የሕዝብ ነው፣ ስለዚህ የሁሉም ነው» ስለሚለው አሳብ

ከመካከላችን ሦስቱ ምንም ጥፋት አልሠራንም የሚል አቋም ያዙ። አሳባቸው ጠንካራ ስለ ሆነ ሳናሳንስ እናቀርበዋለን።

የሕዝብ ዘፈን የሚኖረው ሰው ስለሚወስደው ነው ይላሉ። ሆያ ሆዬን እንመልከት። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ይቀበላሉ። አውጪው እንደየደጃፉና እንደየዘመኑ አዲስ ግጥም ይጨምራል፤ ያላማረውን ይተዋል። ማንንም አያስፈቅድም። ልጆቹ ፈቃድ ይጠይቁ ቢባል ኖሮ ዘፈኑ እስከ እኛ ባልደረሰም ነበር። እናታችንም ቢሆኑ ከአክስታቸው የሰሙትን እንዳለ አልያዙትም፤ የራሳቸውን አንጓ ጨምረውበታል። እንግዲህ ለእርሳቸው ይከፈል ካልን ለአክስታቸውም፣ ለአክስታቸው እናትም ሊከፈል ነው። መጨረሻው የት ነው? ሕጉም ቢሆን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውን በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ደራሲው ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ፣ መቼ እንደ ሞተም ያልተመዘገበ የወፍጮ ዘፈን ግን በዚህ ዐይነት ስሌት አይገባም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለውጥ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ሌሎቻችንም አምነን ተቀብለናል። ይሁን እንጂ በምሳሌው ውስጥ አንድ የተዘለለ ነገር አለ። የሆያ ሆዬ ልጅ ዘፈኑን ከሰፈሩ ወስዶ መልሶ የሚያዜመው ለዚያው ሰፈር ነው። የሚሰሙት ሰዎች ዘፈኑን ያውቁታል። ካበላሸው ይስቁበታል፤ ከሰደበ በር ይዘጉበታል፤ ካማረ ሙልሙል ይሰጡታል። ስለዚህ ሰሚው ዘፈኑን የመመለስና የማረም ሥልጣን አለው ማለት ነው። እኛ ግን ዘፈኑን ከወፍጮው አንሥተን ወደ አዳራሽ ስንወስደው፣ የሚያውቁት አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም የተጋበዙት እንዲያጨበጭቡ እንጂ እንዲያርሙ አልነበረም። አንጓዎቹን ስንቆርጥ አልጠየቅናቸውም። እንደ ተመለከትነው ከሆነ ጥፋታችን መለወጣችን አይደለም፤ ባለቤቱ ቃል መተንፈስ በማይችልበት ቦታ መለወጣችን ነው።

4/ «የሕዝብ» የሚለው ቃል ሰው ሊደብቅ እንደሚችል

«ዜማ - የሕዝብ» ብለን ስንጽፍ ያከበርን መስሎን ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል ሰውን ሊሠውር እንደሚችል ከዓለም ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ።

በ1939 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በጆሐንስበርግ ከተማ ሰሎሞን ሊንዳ የሚባል ዙሉ ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር «ምቡቤ»፣ ማለትም «አንበሳ» የሚለውን ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ። እነርሱም እንደ እኛ በድምፅ የሚያዜሙ ጥቂት ጓደኛሞች ነበሩ። ሊንዳ ለመብቱ ያገኘው ክፍያ 10 ሽልንግ ነበር። ሸክላው ወደ አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ የሰሙት አንዳንድ ሙዚቀኞች ደራሲ የሌለው የአፍሪካ የሕዝብ ዘፈን መሰላቸው። ቃሉና ቅንብሩ ተለውጦ በ1961 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ሲወጣ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ሊንዳ በተከታዩ ዓመት በድህነት ሞተ። ቤተሰቡ በስምምነት ድርሻውን ያገኘው በ2006 እ.ኤ.አ.፣ እርሱ ከሞተ ከ44 ዓመት በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሊንዳ ደራሲ ነበር፤ እናታችን ደግሞ ተቀባይ ናቸው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ደራሲውም ተቀባዩም «ሕዝብ» ብቻ ሆነው ይታያሉ። ሕዝብ ፊት የለውም፤ ሒሳብም አይጠይቅም። ስለዚህ «የሕዝብ» ከማለታችን በፊት «ከማን ሰማነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኛ ከማን እንደ ሰማነው እናውቅ ነበር፤ እያወቅን አልጻፍነውም።

5/ ወደ መድረክ ማውጣት ሁሉ ጥፋት ነውን?

እንዲህ ሲባል፣ «እንግዲያውስ የቆየ ዘፈን በጭራሽ አይነካ» የሚል ሌላ ስሕተት ውስጥ መውደቅ የለብንም። ወፍጮው ቀርቷል፤ እህል የሚፈጨው በሞተር ነው። ዘፈኑ ከሥራው ጋር ይቅር ካልን ማንም ሳይበድለው ይጠፋል። የቀደሙትም ሰዎች ይህን አስበዋል። በ1963 እ.ኤ.አ. በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ግብፃዊው ተወላጅ ሐሊም ኤል-ዳብህ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን የሙዚቃ መሣሪያዎችና ተጫዋቾች አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ቆይቶም በተስፋዬ ለማ መሪነት ብዙ ሠራ። መሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና እምቢልታ በአንድ መድረክ አብረው የሚጫወቱበት ልማድ ከዚያ በፊት የተለመደ አልነበረም። በሀንጋሪም ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ ከ1905 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ገጠር ለገጠር እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ሰበሰቡ፤ ኮዳይ ብዙዎቹን ያለ መሣሪያ ለሚያዜም ኅብረት አቀናበራቸው።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን ግን በ1871 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ ነጻ ለወጡ ጥቁሮች የተቋቋመው የፊስክ ትምህርት ቤት በገንዘብ እጦት ሊዘጋ ሲቃረብ፣ ዘጠኝ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር እየዞሩ ለማዜም ወጡ። አብዛኞቹ ራሳቸው በባርነት የተወለዱ ነበሩ። በመጀመሪያ ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን ያዜሙት የነበረውን መዝሙር በእንግዳ ሰው ፊት ማሰማት ከብዷቸው ነበር፤ ለእነርሱ የተቀደሰና የመከራ መታሰቢያ ነበርና። በኋላ ግን በጥንቃቄ አቀናብረው አሰሙት። በተገኘውም ገንዘብ በ1876 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ትልቁ የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ተሠራ።

እነዚያ ወጣቶችም ዜማውን ለመድረክ ብለው አስተካክለውታል፤ ከእርሻው የተለየ አድርገውታል። እኛን ከእነርሱ የሚለየን ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መዝሙሩ የራሳቸው ወላጆች ስለ ነበረ ለማሰማት አመንትተው፣ ዋጋውን መዝነው ነው ያወጡት፤ እኛ አላመነታንም። ሁለተኛ፣ ፍሬው መዝሙሩ ወደ ወጣበት ወገን ተመለሰ፤ የእኛ ፍሬ በስድስት ኪስ ገባ።

6/ ስለ ብዙ ድምፅ

አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከመካከላችን አንዱ፣ «አራት ድምፅ የአውሮፓ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ድምፅ እናዚመው» ብሎ ነበር። ይህም ሙሉ እውነት አይደለም። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በጨንቻ ደጋ የሚኖሩ ዶርዜዎች በድምፅ ብቻ፣ የተለያየ ክፍል እየያዙ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየገባ የሚያዜሙት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ-ዣኮብ ቀርጾ ለዓለም አሰምቶታል። ዶርዜዎች በሽመና ሥራቸው በአዲስ አበባም የታወቁ ናቸው፤ እኛ ግን በሸማ ተራ ስናልፍ ነጠላውን እንጂ ዘፈኑን አልጠየቅንም ነበር። በእህል በረንዳም ጆንያ የሚያወርዱ ሰዎች አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ሲቀበሉ ማንም ይሰማቸዋል። ስለዚህ ብዙ ሆኖ ማዜምን ለመማር የግድ ከሩቅ መጀመር አያስፈልግም ነበር። ጥፋቱ ብዙ ድምፅ መጠቀማችን ላይ አይደለም፤ ዜማው ምን ዐይነት ብዙ ድምፅ እንደሚሸከም ሳንጠይቅ ፋንና ሲን መጨመራችን ላይ ነው።

7/ ያደረግነው

ከብዙ ክርክር በኋላ ስድስታችንም ወደ እናታችን ቤት ሄድን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። የተዋቸውን ሁለት አንጓዎች እንደ ገና እንዲያሰሙን፣ መግባት ያለባቸው ከሆነም እንዲነግሩን ለመንናቸው። ስለ አማታቸው በሚናገረው አንጓ ላይ እንዳያፍሩ ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን ሣቁና፣ «አማቴ ሞታለች፤ እኔም በተራዬ አማት ሆኛለሁ። ዝፈኑት» አሉን። ስለ ረኃብ የሚናገረውን ግን ሲያሰሙን አልሣቁም። «ይህችን ከተዋችኋት ሌላውንም ተዉት» አሉን።

ከዚያም ስማቸውን በወረቀቱ ላይ እንድንጽፍ ፈቃዳቸውን ጠየቅን። «የእኔ ስም ምን ያደርግላችኋል? ያስተማረችኝን አክስቴን ጻፉ» ብለው ስሟን ነገሩን። ያን ጊዜ «መጨረሻው የት ነው?» ለሚለው ክርክር መልስ ያገኘን መሰለን። መጨረሻው እንደማይታወቅ እርሳቸውም ያውቃሉ። ነገር ግን ከማን እንደ ተቀበሉ ያውቃሉ፤ ያንንም ይናገራሉ። ከእኛ የሚጠበቀውም ይኸው ነበር። የዘፈኑን ምንጭ ሁሉ መቁጠር አልተጠየቅንም፤ ውኃ ያጠጣንን ሰው ስም መጥራት ብቻ ነው የተጠየቅነው።

የገንዘቡን ነገር ስናነሣ እምቢ ይሉናል ብለን ነበር። እምቢ አላሉም። የተካፈልነውን መልሰን ሰብስበን፣ በሰባት ከፍለን ሰባተኛውን ድርሻ ስንሰጣቸው ቆጥረው ተቀበሉና፣ «የገብስ ይሆነኛል» አሉ። በውስጣችን ትንሽ እንደ ተገረምን አንሸሽግም። ለካስ እምቢ እንዲሉን ተመኝተን ኖሯል! ድሃ እናት መብቷን ስትቀበል መገረም የራሱ የሆነ ጥፋት ነው፤ ይህንም ከራሳችን ላይ ተምረናል።

ቅንብሩን እንደ ገና ሠራነው። ሁለቱ ወንድሞች ረጅምና አጭር በሆነው የመጁ እርምጃ ትንፋሽ ይይዛሉ፤ አንዲት እኅት ታወጣለች፤ ሌሎቻችን እንቀበላለን። ፋና ሲ ወጥተዋል። አምስቱም አንጓዎች ገብተዋል። አብሮ ለመጀመር አሁንም ያስቸግረናል፤ በቅርቡ ስናሰማውም ጭብጨባው ከበፊቱ ያነሰ ነበር። ከመካከላችን የመጀመሪያው ቅንብር ይሻል ነበር የሚሉ አሁንም አሉ፤ በጆሮ ብቻ ከሆነ ምናልባት ልክ ናቸው። እናታችንም ሰምተው፣ «አሁን ትንሽ ይፈጫል» ብለዋል እንጂ አላመሰገኑንም።

8/ ማጠቃለያ

እንግዲህ የሕዝብ ዘፈን የማን ገንዘብ ነው? እኛ የደረስንበት ይህ ነው። እንደ ዕቃ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ እንደ ወደቀ ነገርም ያነሣው ሁሉ የራሱ የሚያደርገው አይደለም። አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ሊገለገልበት፣ ሊያሳድገውም ይችላል። ነገር ግን ከማን እንደ ተቀበለ መናገር፣ ያጎደለውን ለባለ አደራው ማሳየት፣ ካፈራም ማካፈል ግዴታው ነው። ይህ ለዘፈን ብቻ አይደለም። ለተረት፣ ለምሳሌያዊ አነጋገር፣ ለእናቶች የመድኃኒት ዕውቀትም፣ እኛ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችን ከሰው አፍ ለምንሰበስበው ሁሉ ይሠራል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! በየቤታችን፣ በየግቢያችን የሚያውቁትን ሳይጠየቁ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች አሉ። በመጪው ቡሄና እንቁጣጣሽ ልጆች በደጃችን ሲያዜሙ ከመስማት አልፈን፣ በቤት ውስጥ ያሉትን «እርስዎ በልጅነትዎ ምን ያዜሙ ነበር? ከማንስ ሰሙት?» ብለን እንጠይቅ። የሚነግሩንንም ከነስሙ እንጻፍ። እኛን የቀደመን ሁለተኛውን ጥያቄ መርሳታችን ነውና፣ እናንተ እንዳትረሱት አደራ እንላለን።

ከሰባተኛ አካባቢ ስድስቱ